ጥንቸል ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪ፦ ምን ትብላ፣ ከምን ትራቅ፣ ሲያማትስ?

ማታ ስትዘል ያመሸች ጥንቸል ጠዋት ሞታ ስትገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን በላች?» ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አያልፍም፦ ልጆች የወረወሩላት ዳቦ፣ ከገበታ የተረፈ እንጀራ፣ ባንዴ የተቆለለላት ጥቅል ጎመን፣ ወይም «ተቅማጥ ያዛት» ተብሎ ከሰው መድኃኒት የተሰጣት ካፕሱል። እነዚህ ለምን እንደሚጎዷት የሚገባን የሆዷን አሠራር ስናውቅ ነው።

ጥንቸል ሳር በል ብትሆንም እንደ በግና ፍየል አታመሰኳም። የበላችው ሳር ጨጓራዋንና ቀጭኑን አንጀት አልፎ የትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ ያለ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ የሚያብላሉትም እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የተብላላው ነገር ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሆኖ፣ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዞ ይወጣል፤ እሷም አጎንብሳ ከመቀመጫዋ በቀጥታ ትበላዋለች። አዲስ ባለቤት ይህን ሲያይ ይጸየፋል፤ ግን አትከልክሏት፣ ቫይታሚንና ፕሮቲኗን የምታሟላው ከዚያ ነው። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ይህ ለስላሳ በጠጥ ሳይበላ ወለል ላይ ወይም ጭራዋ ሥር ተለጥፎ ሲገኝ ነው፦ ወይ ጣፋጭና እህል በዝቶባታል፣ ወይ ከመወፈሯ የተነሳ መድረስ አቅቷታል፣ ወይ ጥርሷን ወይም ጀርባዋን አሟታል።

ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ የበላችው መጥፎ ነገር መውጫው ወደ ታች ብቻ ነው። አንጀቷ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ረጃጅም ገለባማ ነገር ያለማቋረጥ ሲገባለት ነው። ዳቦና እህል ሲበዛ ስታርቹ ከረጢቱ ውስጥ ይቦካል፣ ጎጂዎቹ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ጋዝና መርዝ ይፈጠራል። ጥርሷም ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ የፊት ጥርሷ ብቻ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። የሚሞርደውም ሳር ማኘክ ነው።

ስለዚህ በቀን ከምትበላው ከመቶ 80 የሚሆነው ድርቆሽ ወይም ሳር ይሁን። ካሮት የጥንቸል ምግብ ነው የሚባለውን እርሱት።

ድርቆሽ

2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን 100 ግራም ገደማ ድርቆሽ ትበላለች፤ በወር 3 ኪሎ መሆኑ ነው። የምትረግጠውንና የምትበትነውን ጨምራችሁ 4 ወይም 5 ኪሎ ያዙ። ለከብት አርቢ የሚሸጥ አንድ እስር ድርቆሽ ለአንዲት ጥንቸል ወራት ይበቃል፤ ጎረቤት ጥንቸል ካለው ተካፍሎ መግዛት ይቀላል። ድርቆሽ በብዛት የሚገኘው ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ያኔ ገዝታችሁ የዓመቱን አስቀምጡ፤ ክረምት መሐል የሚገኘው ብዙ ጊዜ ያረጀ ወይም የሻገተ ነው።

ስትገዙ እስሩን ከመሐሉ ፈልቀቅ አድርጋችሁ አሽትቱ። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ፣ የደረቀ ሳር ሽታ ያለው ነው። ስታራግፉት ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ የሚወጣው፣ እርጥብ ምድር ቤት የሚሸተው፣ መሐሉ ጠቁሮ የተጣበቀው ሻጋታ ስላለበት በነፃም ቢሰጧችሁ ይቅር። ስታስቀምጡ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ እንጨት ላይ፣ በጆንያ፤ በፕላስቲክ አትሸፍኑት፣ ያልበዋል። ለጥንቸሏ ስትሰጡም ሳትከትፉ፣ ረጅሙን እንዳለ። ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ፊቷ ይኑር፤ የማያልቅባት ምግብ ይህና ውሃ ብቻ ነው።

የጤፍ ጭድ ብትቀምሰው አይጎዳትም፤ ነገር ግን ጉልበት የሚሰጣት ነገር ትንሽ ስለሆነ የድርቆሽ ምትክ አይሆንም። ለመኝታ ግን ከእሱ የሚሻል የለም። የገብስና የስንዴ ጭድ ለመኝታ ስታደርጉ ጢሙን አራግፉለት፤ ዓይን ይወጋል።

እርጥብ ሳር ከድርቆሽም ይጥማታል። ሰርዶ፣ ሮደስ ሳር፣ የዝሆኔ ሳር ለጋ ቅጠል ሁሉም ይሆናል። ማገጥና አልፋልፋ ፕሮቲንና ካልሲየማቸው ብዙ ስለሆነ እስከ 6 ወር ላሉ ታዳጊዎችና ለሚያጠቡ እናቶች ተዉአቸው፤ ያደገች ጥንቸል ዘወትር ከበላቻቸው ሽንቷ እንደ ኖራ ይወፍራል፣ ፊኛዋም ውስጥ ደለል ይጠራቀማል። ሳር ስታጭዱ ከደሴ ኮምቦልቻ አስፋልት ዳር፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚወርድበት ወንዝ ዳር፣ ውሻ ከሚውልበት ሜዳ አይሁን።

ዝናብ የመታው ሳር በራሱ ችግር የለውም። የሚጎዳው ተከምሮ የዋለው ነው፦ እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ስትከቱ ከሞቀ መፍላት ጀምሯልና ጣሉት። ያጨዳችሁትን በስሱ ዘርግታችሁ እዚያው ቀን ስጡ። ሌላው የሚረሳው በልግ ነው። በጋውን ድርቆሽ ስትበላ የከረመች ጥንቸል ዝናብ ጥሎ ለምለም ሳር ሲበቅል ባንዴ ከተሰጣት ትቀዝናለች። በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ በ10 ቀን ወደ ሙሉው አድርሱት።

ቅጠላ ቅጠል

ለ2 ኪሎ ጥንቸል በቀን ሁለት እፍኝ፣ ለጠዋትና ለማታ ተከፍሎ። የካሮት ቅጠል፣ የድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ፣ የስኳር ድንች ቅጠል፣ አረንጓዴው ሰላጣ ጥሩዎቹ ናቸው። ደሴ ሰኞ ገበያ አትክልት ሻጮች ጋ የካሮቱ ቅጠል ተቆርጦ ይጣላል፤ ለጠየቀ ይሰጡታል። በንጹሕ ውሃ ሁለቴ አጥባችሁ አንጠፍጥፉት፤ የተረጨ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ይችላል። ቆስጣና የቀይ ሥር ቅጠል በሳምንት ከሁለት ቀን አይብለጥ። ሐበሻ ጎመን ትንሽ ትንሽ፤ ጥቅል ጎመን ግን ጋዝ ስለሚሞላ ለጀማሪ ባይሰጥ ይሻላል። አዲስ ቅጠል ሁሉ አንድ አንድ ዓይነት፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ ይቀመስና በማግስቱ በጠጧ ይታይ። የካሮት ሥር ስኳር ነው፤ የአውራ ጣት ግማሽ የምታክል ቁራጭ በሳምንት ሁለቴ ትበቃለች። ሙዝና ፖምም እንደዚያው።

ፈጽሞ የማይሰጣት፦ ሽንኩርት የተባለ ሁሉ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ አቮካዶ ከነቅጠሉ፣ ባቄላና ሽንብራ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ እንጀራ፣ አተላ፣ ጤና አዳም። ከግቢና ከሜዳ ደግሞ ጉሎ፣ እንዶድ፣ የወፍ ቆሎ፣ አስተናግር። ኮምቦልቻ አካባቢ ሳር ስታጭዱ ቅንጨ አረም እንዳይቀላቀል ለዩት፤ አበባው ነጭና ደቃቃ ነው፣ ለከብትም ለሰው ቆዳም አይስማማም።

ጫት በሚቃምበት ቤት ገረባው ለፍየል ስለሚጣል ለጥንቸሏም የሚወረውርላት አይጠፋም። እሷ ግን ፍየል አይደለችም። ጫት ልቧን ያፈጥናል፣ የመብላት ፍላጎቷን ይዘጋል፤ ጥንቸል መብላት ስታቆም ምን እንደሚከተል ወደ ታች እንመጣበታለን።

ፉርሽካ ለአዋቂ ጥንቸል በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ድርቆሹና ቅጠሉ ጥሩ ከሆነ ባይኖርም አይጎድልባትም። ለታዳጊና ለእናት ሁለት ሦስት ማንኪያ ከትንሽ ፋጉሎ ጋር ይሰጣል። ለጥንቸል ተብሎ የተዘጋጀ መኖ ካገኛችሁ በኪሎ ክብደቷ 25 ግራም በቀን። የዶሮ መኖ ግን አትስጡ፤ ስታርቹ ብዙ ከመሆኑ በላይ አንዳንዱ ውስጥ የሚጨመረው የኮክሲዲያ (ተቅማጥ የሚያመጣ ተውሳክ) መከላከያ ለጥንቸል መርዝ ነው።

ውሃ

በቀን በኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል እስከ 300 ሚሊ ሊትር ልትጨርስ ትችላለች ማለት ነው። ድርቆሽ ለሚበላ ሆድ ውሃ ከተቋረጠ የበላችው እዚያው ይደርቃል። በማይገለበጥ ከባድ የሸክላ ጣባ አድርጉላት፣ በየቀኑ አጥባችሁ ቀይሩ። የሚንጠባጠብ ጠርሙስ ከተጠቀማችሁ ጫፉን በየጠዋቱ በጣታችሁ ንኩት፤ ኳሷ ተጣብቃ ውሃው ሙሉ ሆኖ የተጠማች ጥንቸል ብዙ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ከ8 ሳምንት በታች ያለች አትግዙ። ገበያ ላይ ትንሿ ታምራለች፤ ነገር ግን ከእናቷ ቶሎ የተለየች ጥንቸል አንጀቷ ስላልጠነከረ በተቅማጥ የምትሞተው እሷ ናት። ከመግዛታችሁ በፊት መቀመጫዋ ደረቅና ንጹሕ፣ አፍንጫዋ የማይረጥብ፣ የጆሮዋ ውስጥ ቅርፊት የሌለው መሆኑን እዩ። የፊት እግሮቿን ውስጠኛ ክፍልም ተመልከቱ፤ ጸጉሩ ከተቆላለፈ ንፍጧን ስትጠርግበት ከርማለች።

ሻጩን ምን ስትበላ እንደነበር ጠይቁና መጥፎም ቢሆን ከዚያው ትንሽ ይዛችሁ ሂዱ። በአንድ ሳምንት ያንን እየቀነሳችሁ ድርቆሹን አብዙ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከለመደችው ምግብ ሌላ ድርቆሽና ውሃ ብቻ፣ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ልጆች ሳያነሷት። ስታነሱ አንድ እጅ ደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከኋላ መቀመጫዋ ሥር። በጆሮ አይነሳም፤ የኋላ እግሯ ሳይደገፍ ከተንፈራገጠች የገዛ ራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፤ በመሐላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ለጥንቸል ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ደሴ ላይ ብርዱ ብቻውን አይጎዳትም፤ የሚጎዳት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስና እርጥበት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሦስት ጎኑ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ አንድ ስንዝር ጭድ ጎዝጉዙላት። ከሰል አንድዳችሁ አታሙቋት፤ በተዘጋ ክፍል ጭሱ ከእናንተ በፊት እሷን ይገድላል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስም ወደ ሌላ ክፍል ትውጣ፤ ሳንባዋ ጭስ አይችልም።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የሚያሳስበው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ሙቀት ነው። ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትቸገራለች፣ አታልብምና። ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጧት። የቀዘቀዘ ውሃ የሞላበት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። አፏን ከፍታ የምታለከልክ፣ ተዘርግታ የቀረች ከሆነ ጆሮዎቿን በቀዝቃዛ (በረዶ ባልሆነ) ውሃ አርጥቡና ወደ ሐኪም ውሰዷት።

በየጠዋቱ በጠጧን ማየት

ጤናማ ጥንቸል በቀን ከመቶ በላይ በጠጥ ትጥላለች። አንዱን አንሱና በጣታችሁ ፍረኩት፦ ክብ፣ ደረቅ፣ ወርቃማ ቡናማ፣ ሲፈረክ የተፈጨ ሳር የሚመስል ከሆነ ሆዷ በሥራ ላይ ነው። ካነሰ፣ ከጠቆረ፣ ወይም ቅርጹ ከተዛባ ድርቆሽ ወይም ውሃ አንሷታል። በጸጉር እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ ከወጣ ጸጉሯን እየለወጠች ነውና በየቀኑ አበጥሯት። ሽንቷ አንዳንዴ እንደ ሻይ ይቀላል፤ ከቅጠል የሚመጣ ቀለም ስለሆነ አያስፈራም። ስትሸና የምታምጥ ከሆነ ወይም የረጋ ደም ካለው ግን ይታይ።

በሳምንት አንድ ቀን በኩሽና ሚዛን መዝኗትና ጻፉት። ከክብደቷ ከመቶ 10 ከቀነሰች በዓይን ባይታይም ታማለች። ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሚዛን ግን አይደበቅም።

መብላት ስታቆም

ለ12 ሰዓታት ምንም ያልበላች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል «ነገ እናያታለን» አትባልም። አንጀቷ ቆሟል፤ ጋዙ ያማታል፣ ሕመሙ ደግሞ ጭራሽ አያስበላትም። ጎብጣ ትቀመጣለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል።

መጀመሪያ ሆዷን በቀስታ ዳስሱ። እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከጠነከረ ምንም ነገር በአፏ አታስገቡ፤ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም። ሆዷ ለስላሳ ከሆነ ወደ ሐኪም መንገድ እስክትጀምሩ ይህን አድርጉ፦ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ጎኗ ላይ ይሁን (ጤናማ ሙቀቷ ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ከ38 ከወረደ አደገኛ ነው)። ሙቀቷ ሲመለስ ድርቆሽ በሙቀጫ ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉ፣ በተቀቀለና በተፈጨ ትንሽ ዱባና ለብ ባለ ውሃ አቅጥኑት። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ከፊት ጥርሷ ጀርባ ባለው ክፍተት በጎን በኩል፣ አንድ አንድ ሚሊ ሊትር፤ አኝካ ስትውጥ ቀጣዩ። በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር፣ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ። በጀርባዋ አታስተኟት፣ ሳንባዋ ይገባል። የሰው ማስታገሻ በግምት አትስጡ፤ የሕመም መድኃኒቱንና መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

ምግብ እየፈለገች ከአፏ የምትጥለው፣ አገጯ በለሃጭ የሚረጥበው ከሆነ የኋላ ጥርሷ ሾሎ ምላሷን እየወጋት ሊሆን ይችላል። የሚሞረደው በሐኪም ነው፤ የፊት ጥርስንም በጥፍር መቁረጫ አትቁረጡ፣ ከሥሩ ይሰነጠቃል።

ኮክሲዲያ፣ እከክ፣ ጉንፋን

ከ1 እስከ 4 ወር ያሉትን የሚፈጃቸው ኮክሲዲያ ነው፦ ሆድ ይነፋል፣ ጀርባ ይሾላል፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይመጣል። ተውሳኩ በበጠጥ ወጥቶ በእርጥብ ወለል ላይ ሁለት ሦስት ቀን ካገኘ ለመያዝ ይበቃል፤ በየቀኑ የምትጠርጉትም ለዚህ ነው። ክረምት ላይ በሁለት ቀን አንዴ የሚጠረግ ቤት ያልተጠረገ ያህል ነው። ሳሩን ወለል ላይ አትበትኑ፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሕክምናው ከምርመራ በኋላ ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት ነው።

ራሷን እየነቀነቀች ጆሮዋን የምታክ ከሆነ ውስጡን በብርሃን እዩ፤ ተደራራቢ ቡናማ ቅርፊት የጆሮ እከክ ነው። አትላጡት፣ ሥሩ ቁስል ነው። ዲያዚኖን የተባለውን የተባይ መርዝ አትቀቡ፤ ለውሻና ለድመት ቁንጫ የሚሸጠው ፊፕሮኒልም ጥንቸልን ይገድላል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ሲሆን በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር ተወግቶ በ10–14 ቀን ይደገማል። ለከብት የሚመጣው 1 ከመቶ ስለሆነ 2 ኪሎ ለምትመዝን ጥንቸል ትንሹ መጠን 0.04 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በኢንሱሊን ሲሪንጅ 4 ዩኒት። በከብት መርፌ በዓይን ግምት ሲወጋ የሚያልፈው አሥር እጥፍ ነው፤ ሐኪሙ በትንሹ ሲሪንጅ እንዲለካ ጠይቁት። አፍንጫና መዳፍ ላይ የሚወጣው እከክ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ጓንት አድርጉ።

ማስነጠስና ነጭ ንፍጥ የሚበረታው ሽንቷ በሚከማችበት ቤት ነው። ተንበርክካችሁ አፍንጫችሁን በእሷ ቁመት አድርጉ፤ ዓይናችሁን ካቃጠለ እሷ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው እሱን ነው። ወለሉ ባዶ ሽቦ ከሆነ ደግሞ ተረከዟ ይላጣል፤ ግማሹን በሳንቃ ሸፍኑት። በሙቀት ጊዜ መቀመጫዋ ከቆሸሸ ዝንብ እንቁላል ይጥልበትና በአንድ ቀን ትል ይወጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ በየቀኑ ገልብጣችሁ እዩ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

የምታውቁት የእንስሳት ሐኪም የሚያክመው በብዛት ከብት፣ በግና ዶሮ ነው፤ ስለዚህ ጥንቸሏ ጤነኛ ሳለች ጥንቸል ያክም እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ። ስትሄዱ የዚያን ቀን ክብደቷን በግራም፣ የበላችውን ዝርዝር፣ መጨረሻ የበላችበትንና በጠጥ የጣለችበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። ለምርመራ የጠዋቱን ትኩስ በጠጥ ከአሥር የማያንስ ፍሬ በንጹሕ ፕላስቲክ ቋጥራችሁ ፀሐይ ሳይነካው አድርሱ። ጥንቸሏን ክዳኑ በተበሳ ካርቶን፣ ከነድርቆሿ፤ ከሐኪም በፊት ምግብ መከልከል ለሰው እንጂ ለጥንቸል አይሠራም።

መድኃኒት ሲታዘዝ ስሙን አንብቡ። በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ከሆነ አትስጡ፤ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ስለሚፈጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ በተቅማጥ ትሞታለች። ለጥንቸል እንደሆነ ተናግራችሁ በሌላ እንዲቀየር ጠይቁ።